በሎሚና በእርጥብ ቅጠል የታሸ ቦሎቄ አሠራር

የዚህ ምግብ ሙያ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ሎሚው መቼ፣ ቅጠሉ መቼ እንደሚገባ ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው።

2 ኩባያ ደረቅ ነጭ ቦሎቄ፣ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ እፍኝ ፐርስሜሎ፣ የዚያን ግማሽ ናና፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አዘጋጁ።

ቦሎቄውን ለቅማችሁ እጠቡ። ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ጨው ቦሎቄን ያደነድናል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ እኔም ለዓመታት አምን ነበር። እንደውም ልጣጩን ያለሰልሰዋል። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት።

መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ በኃይል ይንተክተክ። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ 30 ደቂቃ አድርጉት፤ ጥሬው ውስጥ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለ፣ በለስላሳ እሳት ብቻ አይጠፋም። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ቀስ እያለ ይብሰል። ፕሬዠር ኩከር ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን ለዚህ ምግብ አልወደውም። ፍሬው ይፈርሳል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ሙሉ ፍሬ ነው።

ከ45 ደቂቃ በኋላ መቅመስ ጀምሩ። አንድ ፍሬ ብቻ አይበቃም። ከድስቱ ከተለያየ ቦታ አምስት አውጡና አንድ በአንድ በምላሳችሁና በላንቃችሁ መካከል ጫኗቸው። አምስቱም ያለ ጥርስ ከላሙ ደርሷል። አንዷ እንኳ መሀሏ ላይ ሻካራ ከሆነች ይቆይ።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። አንድ ጊዜ እንግዳ ጠርቼ፣ ጣዕሙ ቶሎ ይግባ ብዬ ሎሚውን ገና ሳይበስል ድስቱ ውስጥ ጨመቅሁት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈላ። ፍሬው አልበሰለም፣ እንግዶቹም ሳይበሉት ሄዱ። ለካስ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን አጠንክሮ ይይዘዋል። ሎሚም ሆነ አቼቶ፣ ቲማቲምም ቢሆን፣ ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል አይገባም።

በጣም እንዳይዘገይም ተጠንቀቁ። ቦሎቄው ከእሳት እንደወጣ አጥልሉትና ገና እንፋሎቱ እየወጣ ሎሚውን፣ ዘይቱን፣ የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርትና ጨዉን አፍስሱበት። ትኩስ ፍሬ ይጠጣል፣ የቀዘቀዘ ፍሬ ግን ዘይቱን ላዩ ላይ ተሸክሞ ይቀመጣል። በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ በቀስታ እሹት። መጀመሪያ ታች ብዙ መረቅ ያቀረ ይመስላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስታዩት አብዛኛው የለም፣ ፍሬው ጠጥቶታል። የታሸገ የቆርቆሮ ቦሎቄም ይሆናል፤ አጥባችሁ በፈላ ውሃ ትንሽ አሙቁትና በዚያው ትኩሳቱ እሹት።

ቅጠሉ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት አይወድም። ትኩሱ ላይ ከጣላችሁት ይጠቁራል፣ ሽታውም ይጠፋል። ስለዚህ ቦሎቄው በደንብ ይብረድ። ቅጠሉን አጥባችሁ በንጹህ ፎጣ እስኪደርቅ ጥረጉት፤ የቀረ ውሃ ሎሚውን ያቀጥነዋል። በስለታም ቢላ ተለቅ ተለቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ዱልዱም ቢላ ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል፣ ጭማቂው ሁሉ መክተፊያው ላይ ይቀራል። ብሌንደር በጭራሽ አትጠቀሙ።

ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ክተፉና ከቅጠሉና ከቁንዶ በርበሬው ጋር ቀላቅሉ። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ። የሚበላው በማግስቱ ከሆነ ናናውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። 3 ቀን ይቆያል።

ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡት፤ ዘይቱ ረግቶ ይሆናልና ይፈታ። አማስሉና ቅመሱ። ቅዝቃዜ ጨውን ስለሚደብቅ ትንሽ ጨው፣ ከተፈለገም ግማሽ ሎሚ ጨምሩበት።