ቤት ውስጥ ከረሜላ ለመስራት ቴርሞሜትር እንዴት ይመረጣል? (አዲስ አበባ ላይ ለምንኖር)

የለውዝ ይሁን የሰሊጥ ወይ ለስላሳ ካራሜል ቤት ውስጥ መስራት ካሰባችሁ ከስኳሩ በፊት ቴርሞሜትር ግዙ። ስኳርና ውሃ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ሽሮፑ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፣ እና ከረሜላው ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ይሁን ቀጭ ብሎ የሚሰበር የሚወስነው ውስጡ የቀረው ውሃ ነው። ያንን በአይን መለየት ይከብዳል፣ በቁጥር ግን ቀላል ነው።

መጀመሪያ የማይሆኑትን እናውጣ። የትኩሳት መለኪያ በፍፁም፣ እሱ 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል፣ የብርጭቆው ደግሞ ይሰበርና አንዳንዱ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ ምግቡን ይመርዘዋል። የስጋ መለኪያም ብዙው 100 አካባቢ ላይ ስለሚያቆም አይሆንም። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ሲደቅኑብን የነበረው አይነት ለኩሽና ተብሎ የተሰራም አለ፣ ግን የሚያነበው የላይኛውን ገፅ ብቻ ነው፣ እንፋሎት ሲኖር ደግሞ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ለከረሜላ አልመክረውም።

የሚሆኑት ሶስት አይነት ናቸው። የብርጭቆው ድስቱ ጠርዝ ላይ የሚቆነጠጥ ነገር ያለው ሲሆን ባትሪ አይፈልግም፣ ብቻ ሲወድቅ አለቀለት። ክብ ፊት ያለው ባለ ቀስቱ ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ሙቀቱን የሚያነበው ከጫፉ ጀምሮ የተወሰነ ሴንቲሜትር ድረስ ባለው ዘንግ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሰፊ ድስት ላይ ስታፈሉ ሽሮፑ አይሸፍነውም፣ ከዛ ዝቅ አድርጎ ያነብባችኋል። ዲጂታሉ ጫፉ ላይ ስለሚያነብ ለትንሽ መጠን የሚሻለው እሱ ነው፣ ፈጣንም ነው፣ እኔ ለጀማሪ እሱን ነው የምለው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ትንሿ የሰዓት ባትሪ የምትመስለው ናት፣ ሽሮፑ እየፈላ እንዳያልቅባችሁ አንድ ትርፍ ያዙ።

መርካቶም ሄዳችሁ ቴሌግራም ላይም የኬክ ዕቃ ከሚሸጡ ስትገዙ ሶስት ነገር እዩ፦ ቢያንስ እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ማንበብ አለበት፣ መስመሮቹ በ1 ወይ በ2 ዲግሪ የተከፋፈሉ ይሁኑ (በ10 በ10 የሚዘለው ለዚህ ስራ ምንም አይጠቅምም)፣ ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት የሚቀይር ቁልፍ ይኑረው፣ የአሜሪካኖቹ ቪዲዮ 300 ሲል ፋራናይት ነውና፣ ወደ 149 ሴልሺየስ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉ። ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ ውሃ በደንብ አፍሉና ጫፉን ድስቱን ሳይነካ ውስጥ ያዙት። 92 አካባቢ ካነበበ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሮጣል፣ ትክክለኛው ግን እሱ ነው! አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃም እኛ ጋር 100 ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። እዚህ ከተማ ውስጥ በሚፈላ ውሃ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ወደ 8 ዲግሪ አሳልፎ እያነበበ ነው። መጠራጠር ካለባችሁ ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ክተቱት፣ 0 ካለ ጥሩ ነው።

ሽሮፑም እንደ ውሃው ቀድሞ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከ100 ላይ የናንተን የፈላ ውሃ ቁጥር ቀንሱና የተረፈውን ከአሰራሩ ላይ ቀንሱ። 92 ካነበበ ልዩነቱ 8 ነው፣ ለስላሳ ካራሜል 118 የሚል ከሆነ እናንተ 110 ላይ ታወጣላችሁ፣ ደረቁ የለውዝ ከረሜላ 150 ካለ 142 ላይ። ቪዲዮው ያለውን ቁጥር ድረስ ከጠበቃችሁ ግን ውሃው ከሚገባው በላይ ያልቅና ለስላሳ የተባለው ድንጋይ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ይለያል፣ ስኳሩ እስኪቀላ የምታቃጥሉበት ካራሜል። መቅላቱ ከ160 በላይ ላይ የሚመጣ የስኳሩ የራሱ ለውጥ እንጂ የመፍላት ጉዳይ ስላልሆነ እዛ ላይ ለከፍታው ብላችሁ አትቀንሱ፣ ቀለሙን ተከታተሉ።

ስትሰሩ ጫፉ ሽሮፑ መሀል ይሁን፣ የድስቱን ወለል ከነካ የሚያነበው ብረቱን ነው። ከ100 አልፎ መጀመሪያ በዝግታ ይሄድና መጨረሻ ላይ በፍጥነት ይሮጣል፣ ስለዚህ 5 ዲግሪ ሲቀረው እሳቱን ቀንሱና አጠገቡ ቁሙ። ልጆችን ከምድጃው አርቁ፣ ትኩስ ስኳር ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል። መብራት ሄዶ ወይ ባትሪው አልቆ ቴርሞሜትሩ ካላገለገላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ትንሽ ጠብ አድርጉ፦ በጣታችሁ ስትሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ከሆነ ገና ነው፣ ጠንካራ ግን የሚጫን ኳስ ከሆነ ለካራሜል ደርሷል፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለለውዙ ደርሷል።

ስትጨርሱ የብርጭቆውን ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ ይሰነጠቃል። ትንሽ ይብረድና ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ የተጣበቀው ስኳር ራሱ ይሟሟል። የዲጂታሉን ዘንግ ብቻ እንጂ ማሳያውን ውሃ ውስጥ አትንከሩት።