ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ሲታዘዝላችሁ፦ ራሳችሁን ከጨረር እንዴት ትጠብቃላችሁ?

«ዶክተር፣ አሁን ስወጣ ወተት ልጠጣ?»

ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። ሐዋሳ ውስጥ ራጅ አንሺ ነኝ፤ ዶክተር አይደለሁም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ግን ማረሙን ትቻለሁ።

መልሴ አጭር ነው። ወተት ከወደዳችሁ ጠጡ፤ ከጨረር ጋር ግን አይገናኝም። የራጅ ጨረር እንደ አምፖል ብርሃን ነው። መብራቱ ሲጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ ተደብቆ አይቀርም። ራጅ ከተነሳችሁ በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ የቀረ፣ በወተት የሚታጠብ ነገር የለም። ጥንቃቄው ያለው ከመነሳታችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ ግን ጨረር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ እንስማማ። ስልክ፣ ዋይፋይና ማይክሮዌቭ የሚለቁት ጨረር ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ አቶምን አይነካካም። ራጅና ጋማ የሚባለው ጨረር ግን ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነጥቀው ያባርራሉ። ያኔ የሴላችን መመሪያ የሆነው ዲኤንኤ ሊበጠስ ይችላል። ሰውነት አብዛኛውን ራሱ ይጠግነዋል። ጣጣው የሚመጣው ጥገናው የተበላሸ እንደሆነ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ ድምፅ ነው፤ ኤምአርአይ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ። ሁለቱም ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም። «አልትራሳውንዱ ጽንሱን አይጎዳብኝም?» ብላችሁ የምትጨነቁ እናቶች፣ በዚህ በኩል እፎይ በሉ።

ጨረር ያለው ሆስፒታል ብቻም አይምሰላችሁ። ከአፈር ይመጣል፣ ከሰማይ ይመጣል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሚጠራቀም ራዶን ከሚባል ጋዝ ይመጣል። ከአርባ ምንጭ የሚመጣልን ሙዝ ውስጥ እንኳ ጨረር የሚለቅ ፖታሲየም አለ። የሌላ አገር ሙዝም፣ የእኛው ሥጋም ውስጥ አለ። በዓለም አማካይ አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ብቻ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ይደርሰዋል። ሚሊሲቨርት ጨረር በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ጫና መለኪያ ነው። ይህችን 2.4 ያዙልኝ፤ እንደ ሚዛን ድንጋይ እንጠቀምባታለን።

1. መጠኑን እወቁ

የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በሁለት ሳምንት ከተፈጥሮ የምታገኙት ያህል ማለት ነው። የጥርስ ራጅ ከዚያም በብዙ ያንሳል። በራጅ ጨረር ሰውነትን ከየአቅጣጫው የሚያነሳው ሲቲ ስካን ይበዛል፤ የጭንቅላቱ 2 ገደማ ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ከ8 እስከ 10 ይደርሳል፤ ሰማንያ፣ መቶ የደረት ራጅ እንደማለት ነው። ሰው ግን የሚፈራው ራጁን ነው። ሲቲውንማ «ሙሉ ምርመራ ይሁንልኝ» ብሎ ራሱ የሚጠይቅ አለ።

ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ብዙ ጨረር ባንዴ ሲደርስ የሚመጣ ነው፤ ቆዳ ይቀላል፣ ፀጉር ይረግፋል። መላ ሰውነት ላይ ከ1,000 ሚሊሲቨርት በላይ ካረፈ ያስመልሳል። ከ4,000 እስከ 5,000 ከሆነና ሕክምና ካልተገኘ ግማሹን ሰው ይገድላል። ራጅ እንደተገኘ ሰሞን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የጀርመኑ ሳይንቲስት ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ መሣሪያውን የሚሞክረው በገዛ እጁ ነበር። እጁ ቆሰለ፣ ተቆረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም የረዳቱን ጉዳት ካየ በኋላ ራጅ የሚባል ነገር እርም አለ። ዛሬ ለተራ ምርመራ የምትገቡበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ መጠን አይገጥማችሁም።

ሁለተኛው ካንሰር ነው። እሱ እንደ ሎተሪ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው እንዳይወጣልን የምንጸልይበት መሆኑ ነው። አንድ ትኬት የያዘ ሰው ዕድሉ ኢምንት ነው፤ ትኬት በበዛ ቁጥር ዕድሉ ይጨምራል። ከ100 ሚሊሲቨርት በታች ጭማሪው በጥናት ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ሕፃናትና ጽንስ ግን ከአዋቂ ይልቅ ስስ ናቸው። ሐኪሙ ከምስሉ የሚያገኘው ነገር ካለ ትኬቱ ያዋጣል። ከሌለ ለምን ይቆረጣል?

2. ከቤት ስትወጡ የድሮውን ፊልም ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ከይርጋለም ከልጃቸው ጋር መጡ። የሆድ ሲቲ ስካን ታዞላቸዋል። አልጋው ላይ ሊወጡ ሲሉ «አባባ፣ ከዚህ በፊት ተነስተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አዎ፤ አሥራ አምስት ቀን አይሆነኝም።»

«ፊልሙስ?»

«እንዳይታጠፍ ብዬ ፍራሽ ሥር አድርጌዋለሁ።»

ልጅቷ ጎረቤት ጋ ደወለች። ጎረቤትየው ፍራሹን ገልብጣ አወጣችው፤ ወደ ሐዋሳ ለሚመጣ የሚኒባስ ሾፌርም ሰጠችው። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ልጅቷ መናኸሪያ ደርሳ ትልቁን ፖስታ ደረቷ ላይ ታቅፋ ተመለሰች። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለው። የሚፈልገው ነገር እዚያው ላይ ነበር። አባባ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሻይ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ከነክፍያው በአንድ ሚኒባስ ሾፌር ተረፈ።

እና ፊልሙን አትጣሉት። ፖስታው ላይ ቀኑንና የተነሳውን የሰውነት ክፍል በጉልህ ጻፉ። ሲዲ ከሰጧችሁ እሱንም አብራችሁ አስቀምጡ። ሪፖርቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የፊልሙ ፎቶ ግን ፊልሙን አይተካም። አንዳንድ ቦታ «እኛ የምናምነው የራሳችንን ማሽን ነው» ይሏችኋል። ያኔ ቆጣ ሳትሉ «የድሮው ምኑ ነው የማይታየው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ምስሉ ደብዝዞ ወይም በሽታው ተለውጦ ይሆናል። ምክንያቱ ሲነገራችሁ መስማት ግን መብታችሁ ነው።

3. ጠይቁ፣ ተናገሩ

ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ይህ ምርመራ ሕክምናዬን ምን ይለውጠዋል?» እና «በአልትራሳውንድ አይታይም?» ደህና ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ሴቶች ደግሞ፣ እርግዝና ካለ ወይም የወር አበባ ከቀረ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ንገሩን። አማታችሁ ወይም ወንድማችሁ አጠገባችሁ ስላሉ ካፈራችሁ «ለብቻ ላናግርህ» በሉ፤ እንወጣለን፣ እናወራለን። ሳታውቁ ደረት ተነስታችሁ ከነበረም አትደንግጡ። በደረት ራጅ ጽንሱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳቱ በእርግጥ የሚያሳስበው መቶ ሚሊሲቨርት አካባቢ ሲደርስ ነው። በድንጋጤ የማይመለስ ውሳኔ ከመወሰን በፊት ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል።

4. ክፍሉ ውስጥ፦ ብረት አውልቁ፣ አትንቀሳቀሱ

የማይረባ ምስል ማለት ድጋሚ ጨረር ማለት ነው። ሐብል፣ የጡት መያዣ ሽቦ፣ የሹሩባ ጌጥ፣ የኪስ ሳንቲም ሁሉም ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ማተብ ያሰረ ሰው ግን «ልበጥሰው ነው?» ብሎ ይደነግጣል። አትበጥሱትም። ክሩ አያስቸግርም፤ ደረት ሲሆን መስቀሉን በአገጭ በኩል ወደ ላይ እንገፋዋለን፣ በቃ። ክታብም እንደዚያው ነው።

«አየር ሳቡ፣ ያዙ» ስላችሁ ያዙ። «ተንፍሱ» እስክላችሁ ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ማሳል ወይም «ጨረስክ?» ብሎ መዞር ፊልሙን ያበላሻል።

«ለምን የእርሳሱን ሽርጥ አላለበስከኝም?» የሚሉኝም አሉ። እርሳስ ጨረር የሚያግድ ከባድ ብረት ነው፤ ድሮ ለታካሚው ማልበስ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር የታካሚን የመራቢያ አካልና ጽንስን እንዲህ የመሸፈን ልማድ እንዲቀር መከረ። ሽርጡ የሚታየውን ነገር ሊሸፍን ይችላል፤ አንዳንዱ ማሽን ደግሞ እንቅፋት ሲያገኝ ጨረሩን ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ያልለበሳችሁት በቸልታ ነው ብላችሁ አታስቡ።

5. አጃቢ ይውጣ

እኛ ዘንድ አንድ በሽተኛ ይዘው አራት ሰው ይመጣል፤ አራቱም መግባት ይፈልጋሉ። ውጡልን። ርቀት ከሁሉ የሚበልጥ ጋሻ ነው። ከምንጩ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስትርቁ የሚደርሳችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 3 ሜትር ላይ ወደ ዘጠነኛ እጅ። በሩ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ገርበብ አድርጋችሁ አትመልከቱ።

ልጅ ካልተያዘ የማይነሳ ከሆነ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ያውም ያላረገዘ። አባት ወይም አጎት ካለ እሱ ይግባ። የእርሳሱን ሽርጥ ይልበስ፣ እጁንም ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አያስገባ። ሽርጥ ካልተሰጠው ይጠይቅ።

ለእኛ ለሠራተኞቹ የሚደርሰንን ጨረር የሚለካ ባጅ አለን። ገደባችን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ለሌላው ሰው፣ ምርመራና ተፈጥሮ ሳይቆጠር፣ 1 ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ባጄን ከጋዋኔ ጋር እዚያው ራጅ ክፍል ውስጥ ሰቅዬ እየወጣሁ ከረምኩ። እኔ ግድግዳ ጀርባ ቆሜ እሱ ከታካሚው ጋር ይነሳ ነበር። ንባቡ ሲመጣ ተጠርቼ ምን እንደነካኝ ተጠየቅኩ። አሁን መጸዳጃ ቤት እንኳ ስሄድ ደረቴን እዳብሳለሁ።

6. ከሆስፒታል ውጭ፦ ያልታወቀ ብረት

«ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማበት የሚያልፍ ቀን የለም። ስሰማው ሁልጊዜ የማስበው የብራዚሏን ጎያኒያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ነቅለው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ ሲዝየም 137 የሚባል ጨረር የሚለቅ ዱቄት ነበር፤ በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ነጋዴው ተገርሞ ለዘመድ ለወዳጅ አካፈለ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ዱቄቱ በነካው እጇ ምግብ በላች። አራት ሰው ሞተ፣ እሷም አንዷ ነበረች። 249 ሰው ተበክሎ ተገኘ። ለምርመራ የተሰለፈው ከመቶ ሺህ በላይ ነው።

ይህ እንደ ራጅ ማሽን አይደለም። ሶኬት ነቅላችሁ አታጠፉትም። ለመንገድ ሥራ የአፈርን ጥግግት የሚለኩ አንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥም ይህን የመሰለ የጨረር ምንጭ አለ።

የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክቱን ለልጆቻችሁ አሳዩ። ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የመጣውና አደገኛ ምንጮች ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። መጠኑ ትንሽ ሆኖ ክብደቱ ከዓይን ግምት በላይ የሆነ የብረት ዕቃም አጠራጣሪ ነው፤ የጨረር ምንጭ የተከለለበት እርሳስ ሊሆን ይችላል። ካያችሁ አታንሱት፣ አትክፈቱት፣ ኪሳችሁ አትክተቱት። ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ ሌላውን ሰው ከልክሉ፣ ፖሊስ ጥሩ። ነክታችሁት ከሆነ ሳትበሉና ሳታጨሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የለበሳችሁትን አውልቃችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለብቻ አኑሩ። በላያችሁ ያረፈው አብዛኛው ብናኝ ከልብሱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ የሆነውንም ሳትደብቁ ንገሩት።

7. ፀሐይዋም አለች

የፀሐይ አልትራቫዮሌት እንደ ራጅ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቆዳና ዓይንን ግን ይጎዳል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ያይላል። አሞራ ገደል ዓሣ ስትጠብቁ ጥላ ፈልጉ፣ ባርኔጣ አድርጉ። አልቢኒዝም (የቆዳና የፀጉር ቀለም ማጣት) ያለበት ልጅ በቤታችሁ ካለ ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም ለእሱ ቅንጦት አይደለም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ፣ የድሮ ራጅ ፊልም ዓይናቸው ላይ አድርገው ሽቅብ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ ዓይን የሚያቃጥለውን ጨረር በበቂ አያግድም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ ግርዶሽ አለ፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ለዚያ ቀን አይኤስኦ (ISO) 12312-2 የሚል የተጻፈበት የፀሐይ መመልከቻ መነጽር ፈልጉ። ፊልሙ ፖስታው ውስጥ ይቆይ።