ከምርጫ የራቁ ወገኖችን ለማንቃት ስንነሣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያና በሚኒሶታ የሚገኙ የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና እድሮቹ ሰው ወጥቶ እንዲመርጥ ጥሪ ያሰማሉ። ጥሪው ቅን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰምቶ የሚወጣው ቀድሞም የሚመርጠው ሰው ነው። ከፍተኛ ተሳትፎ በታየበት በ2020 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫ እንኳ መምረጥ ከሚችሉት ዜጎች ሲሶ ያህሉ ድምፅ አልሰጡም፤ በከተማ ምክር ቤትና በትምህርት ቦርድ ምርጫ ደግሞ የሚቀረው ሰው ከዚህም እጅግ ይበዛል። ከዚህ በታች የተነሡት እነዚህን ወገኖች ለመድረስ የሚጥሩ ትንንሽ ቡድኖች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ስህተቶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ያልመረጠውን ሰው ግድ የለሽ ብሎ መፈረጅ

ከምርጫ የቀረ ሰው ሁሉ የቀረበት ምክንያት አለው። አንዱ ሌሊቱን በፓርኪንግ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ሠርቶ ማለዳ የሚተኛ ነው፤ ሌላው ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ማንም በሩን አንኳኩቶ ጠይቆት የማያውቅ ነው። የመጨረሻው ምክንያት ከሚገመተው በላይ ይከብዳል። እጩዎችና ፓርቲዎች ቅስቀሳ የሚወጡት የመራጮችን መዝገብ ይዘው ሲሆን፣ መዝገቡ ማን በየትኛው ምርጫ እንደ ወጣ ስለሚያሳይ አዘውትሮ የሚመርጠውን ደጋግመው እየጎበኙ ያልመረጠውን ያልፉታል። ያልተጠየቀው ይቀራል፤ በመቅረቱም በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ሳይጠየቅ ይታለፋል።

በእኛ ዘንድ ሌላም ሸክም አለ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባለ ያደገ፣ በድርጅት አባልነት ሰበብ ጎረቤቱ ሲታሰር ያየ ትውልድ ዝምታን የተማረው ራሱን ለማዳን ነው። አንዲት እናት በራቸውን ከፍተው «ልጄ፣ እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» ሲሉ፣ ወጣቱ በጎ ፈቃደኛ ስለ ዴሞክራሲ ማስረዳት ከጀመረ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። «እማማ፣ እዚህ ሰፈር ምን ያስቸግርዎታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግን አውቶቡስ እንደሚዘገይ፣ የቤት ኪራይ በየዓመቱ እንደሚጨምር ይነግሩታል። የአውቶቡሱን በጀት የካውንቲው ምክር ቤት እንደሚወስን፣ የምክር ቤቱ አባላት ደግሞ በምርጫ እንደሚቀመጡ የሚነገራቸው ያን ጊዜ ነው። መዝገቡ መምረጣቸውን እንጂ ማንን እንደ መረጡ እንደማያሳይም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል፤ ብዙ አረጋውያንን የሚያስፈራው ይኸው ነው።

ምርጫ ሊደርስ ሲል ብቻ መታየት

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ መድኃኒቱን ለማየትም ወደ 1957 መመለስ ይጠቅማል። በደቡብ ካሮላይና በምትገኘው የጆንስ ደሴት ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን በመራጭነት እንዳይመዘገቡ ከሚከለክሏቸው ነገሮች አንዱ የንባብ ፈተና ነበር። ኢሳው ጄንኪንስ የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ ሠራተኞችን ወደ ቻርልስተን በሚያመላልስበት አውቶቡሱ ውስጥ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች ለተሳፋሪዎቹ ያስጠና ነበር። ኋላም ከመምህርቷ ከሴፕቲማ ክላርክና በቴኔሲ ከነበረው ከሃይላንደር ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ፣ በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓዳ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት አስጀመረ። እንድታስተምር የተመረጠችው በርኒስ ሮቢንሰን የፀጉር ሠሪ ነበረች፤ የተመረጠችውም ተማሪዎቹ እንዳያፍሩባት ነው። ትምህርቱ የጀመረው ከድምፅ መስጫ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ስማቸውን መፈረም፣ የገንዘብ ማዘዣ መሙላት፣ ደብዳቤ ማንበብ ይፈልጉ ስለ ነበር ከዚያ ተነሡ። የምዝገባው ፈተና በዚያው መንገድ ላይ መጣ፤ ተማሪዎቹም ተመዘገቡ። እነዚህ የዜግነት ትምህርት ቤቶች በኋላ በመላው ደቡብ ተስፋፍተው ለመብት ትግሉ እጅግ ብዙ ሰው አፍርተዋል።

ለእኛ ማኅበሮች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የዜግነት ፈተና የሚያስጠናው፣ የጤና ኢንሹራንስ ቅጽ የሚሞላው፣ በታክስ ወቅት ወረቀት የሚያገላብጠው በጎ ፈቃደኛ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲረዳ ይከርማል። ይኸው ሰው በጥቅምት ስለ ምርጫ ሲያነሣ የሚሰጠው ጆሮ፣ አንድም ቀን ታይቶ የማያውቅ እንግዳ ከሚያገኘው ጋር አይወዳደርም።

በራሪ ወረቀትና የስልክ መልእክት ይበቃል ማለት

አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ ወደ 30,000 በሚጠጉ መራጮች ላይ ሙከራ አካሂደው ነበር። በራቸው ላይ ፊት ለፊት የተነጋገሯቸው ሰዎች የመምረጥ መጠን ወደ 9 በመቶ ነጥብ ገደማ ሲጨምር፣ በፖስታ የተላከው ወረቀት ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር፤ የተከፈላቸው ደዋዮች በስልክ ያነበቡት መልእክት ደግሞ ለውጥ አላመጣም። ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ማኅበር ይህ መልካም ዜና ነው፤ ውጤት የሚያመጣው ሥራ ከማተሚያ ቤት ይልቅ ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ይፈልጋልና።

መብቱን ሳያጣሩ ማስመዝገብ

እዚህ ላይ የሚፈጸም ቸልተኝነት የሰው ኑሮ ያፈርሳል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም፤ በ1996 በወጡት ሕጎች መሠረት ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሎ የፈረመ ወይም ድምፅ የሰጠ ሰው ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ «መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ተብሎ የሚቀርበውን ጥያቄ በደንብ ሳያነቡ «አዎ» ማለት ብቻ ለዚህ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የበጎ ፈቃደኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዜግነት መሆን አለበት፤ የሚጠየቀውም ሰው በሌላው ፊት እንዳያፍር ዘወር ብሎ ቢሆን ይመረጣል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዳለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ ብቻ እንዲሳተፉ የሚፈቅዱ ቦታዎች አሉ፤ እዚያም ቢሆን የከተማውና የፌዴራሉ ምዝገባ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

በእስር ላይ የነበሩ ሰዎችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የፍሎሪዳ ሕዝብ በ2018 በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው ቅጣታቸውን ሙሉ በሙሉ ለጨረሱ ሰዎች የመምረጥ መብት እንዲመለስ ከ64 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ወሰነ፤ በግድያና በከባድ የወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸውን ግን አልጨመረም። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ የገንዘብ ቅጣትና የፍርድ ቤት ክፍያ ካልተጠናቀቀ መብቱ አይመለስም አለ። በ2022 ግዛቱ 20 ያህል ሰዎችን ያለ መብታችሁ መርጣችኋል ብሎ ሲያስር፣ ብዙዎቹ መምረጥ እንደሚችሉ አምነው ነበር የወጡት። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ የማያውቁትን ከመገመት ይልቅ የካውንቲውን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ወይም ጠበቃ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ምዝገባውን የሥራው ፍጻሜ ማድረግ

ቅጹ ተሞልቶ ሲላክ ሥራው ገና አጋማሽ ላይ ነው። በተለይ የስማችን ነገር ጥንቃቄ ይሻል፤ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ ገብቶ በሌላው ሲቀር፣ ወይም አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ሲጻፍ መዝገቦች አይገናኙም። ጆርጂያ ውስጥ በ2018 የቅጹ መረጃ ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር በትክክል አልገጠመም በሚል 53,000 ያህል ምዝገባዎች ተንጠልጥለው ነበር። ስሙ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይቀየር ይጻፍ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም በግዛቱ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ መግባቱ ይታይ። ከዚያ የሚቀረው ቀኑንና ሰዓቱን መቁረጥ ነው፦ ከሥራ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አስቀድሞ ድምፅ በሚሰጥባቸው ቀናት ነው ወይስ በፖስታ፣ ልጆቹን ማን ይይዛል።

የቋንቋን ችግር ችላ ማለት

የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለተወሰኑ የቋንቋ ማኅበረሰቦች ሲሆን አማርኛ በውስጡ የለም። የዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ ቦርድ በአማርኛ መረጃ ያቀርባል፤ በብዙ ቦታ ግን ይህ አይገኝም። ሆኖም በ1982 በተጨመረው ድንጋጌ መሠረት ማንበብ የሚቸግረው መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በቀር የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ይህን መብት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ጥቂት ናቸው። የናሙናውን ድምፅ መስጫ ወረቀት፣ በተለይም ለሕዝበ ውሳኔ የሚቀርቡትን የተወሳሰቡ ጥያቄዎች፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብሎ በአማርኛ ማስረዳት ምርጫ ጣቢያ ደርሶ ከመደናገር ያድናል።

በማኅበር ስም እጩ መደገፍ

ከ1954 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ወይም የሃይማኖት ተቋም እጩን ሊደግፍ ወይም ሊቃወም አይችልም። አዳራሹን ለእጩዎች ውይይት መስጠት የሚፈልግ ማኅበር ሁሉንም እኩል ይጋብዝ፣ ጥያቄዎቹንም አስቀድሞ ከአባላቱ ይሰብስብ። ባለፉት ወራት በየቤቱ የተሰማው የኪራይና የአውቶቡስ ብሶት ለእጩዎቹ በቀጥታ ሊቀርብ የሚችለው በዚህ መድረክ ላይ ነው።