ቁልፉን የያዘው ፕሮሰስ መሀል ላይ ቢሞትስ?

ሁለት ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) «የቀረ ትኬት 1» የሚለውን እኩል አነበቡ። ሁለቱም ሸጡ። ሁለቱም ቀሪውን 0 ብለው ጻፉ። ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡት ምንም አይወጣለትም፣ ብቻችሁን ስትሞክሩትም ደጋግሞ በትክክል ይሠራል፣ ተጠቃሚ ሲበዛ ግን አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጠዋል። ጣጣው ያለው በማንበብና በመጻፍ መሀል ባለችው ቅጽበት ነው።

ይህ ሲገጥመን ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሎክ ነው፤ አንዱ ይዞ እስኪለቅ ሌላውን ወደሚያስጠብቅ ቁልፍ ማለት ነው። ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይህን ነገር መጋራት ግድ ነው ወይ? እያንዳንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) የራሱን ቆጠራ ይዞ መጨረሻ ላይ መደመር የሚበቃ ከሆነ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ለትኬቱም ቢሆን ዳታቤዙን «ቀሪው ከ0 በላይ ከሆነ ብቻ 1 ቀንስ» ብላችሁ በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ትችላላችሁ። በሰንጠረዡ ስንት ረድፍ እንደተቀየረ እዩ። ምንም ካልተቀየረ ትኬቱ አልቋል፣ በቃ።

መቆለፍ ግድ ከሆነ፣ አንድ ብቻ ለሚያስገባ ነገር ሚውቴክስ፣ እንደ ዳታቤዝ ኮኔክሽን የተወሰነ ቁጥር ላለው ደግሞ ሴማፎር ተጠቀሙ። ከዚያ ከዴድሎክ ተጠንቀቁ፤ ሥራዎች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ለዘላለም ሲቆሙ ማለት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኮፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስቀመጡት ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ሀብቱን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይይዘዋል፣ የያዘው ሳይለቅ ሌላ ይጠብቃል፣ በግድ አይነጠቅም፣ ጥበቃውም ክብ ሠርቶ ይዞራል። አንዷን ከሰበራችሁ ዴድሎክ የለም። ለመስበር ቀላሏ የመጨረሻዋ ናት። ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ገንዘብ ስታዛውሩ ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ ሁልጊዜ የሂሳብ ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን አስቀድማችሁ ቆልፉ፤ ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ከቆለፈ ክቡ አይፈጠርም።

ሌላው፣ ቁልፍ ይዛችሁ አትዘግዩ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቁልፍ እንደያዝኩ የሌላ ሰርቨር መልስ የሚጠብቅ ኮድ ጽፌ ነበር፣ ያ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ የኔ ሲስተም ሙሉ በሙሉ ቆመ፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱን ግማሽ ቀን ዳታቤዙ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። ኔትወርክ የሚነካ ሥራ ከቁልፉ ውጭ ይሁን።

ለሥራዎች ፕራዮሪቲ (ቅድሚያ) የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችውን የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደርን አስታውሱ። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው፣ ፕራዮሪቲው ዝቅተኛ የሆነው ሥራ ሚውቴክስ ይዟል፤ ከፍተኛው ሥራ እሱን ይጠብቃል፤ መካከለኛው መጥቶ ፕሮሰሰሩን ሲወስድበት ዝቅተኛው መጨረስም መልቀቅም አልቻለም። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ ይነሳ ነበር። መፍትሔው ቁልፍ የያዘው ሥራ የጠባቂውን ፕራዮሪቲ እንዲወርስ የሚያደርገውን ቅንብር ማብራት ነበር፤ ኢንጂነሮቹም ከምድር ሆነው አበሩት።

እስካሁን ያልነው በአንድ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ጨዋታው ይለወጣል፣ ምክንያቱም ዝም ያለው ማሽን ሞቶ ይሁን ኔትወርኩ ተቋርጦበት ይሁን ወይስ ዘግይቶ ብቻ፣ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ቁልፍ እንደያዘ ቢሞት ሌሎቹ ለዘላለም እንዳይጠብቁ ቁልፉን በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ትሰጡታላችሁ፤ ለምሳሌ 30 ሰከንድ ካለፈና ካላደሰ ለሌላ ይሰጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ «ሀ» የሚባል ፕሮሰስ ሊዙን ወሰደ፣ ሊጽፍ ሲል የማያስፈልግ ሜሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ለ40 ሰከንድ አስቆመው። ሊዙ አለፈ፣ «ለ» የሚባል ሌላ ፕሮሰስ ወሰደው፣ ጻፈ። ሀ ነቃ። መተኛቱን በምን ይወቅ? ቁልፉ በእጁ ያለ መስሎት «ለ» በጻፈው ላይ ደርቦ ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት ሰዓት ቢያይም አያድነውም፣ ካየ በኋላም ሊቆም ይችላላ!

ስለዚህ ቁልፍ ሰጪው ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ የሚጨምር ተራ ቁጥር ይስጥ። «ሀ» 7 ከያዘ «ለ» 8 ይይዛል። ዳታው ያለበት ሰርቨር ያየውን ትልቁን ቁጥር ይመዘግባል፣ 8ን ካየ በኋላ በ7 የመጣን ጽሑፍ ሳይቀበል ይመልሳል። ልብ በሉ፣ የሚከለክለው ሀብቱ ራሱ ነው። ቁልፉ ሥራ እንዳይደራረብ ይረዳል እንጂ ዳታውን አይጠብቅላችሁም። ቁልፍ ሰጪውንም ራሳችሁ አትጻፉት፤ ለዚህ የሚያገለግሉ ዙኪፐር ወይም ኢትሲዲ የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉላችሁ፣ ለተራ ቁጥር የሚሆን እያደገ የሚሄድ ቁጥርም ከነሱ ይገኛል። እነዚህ ለመሥራት ከማሽኖቻቸው አብላጫው መቆም አለበት፤ በ3 ማሽን ካቆማችሁት የ1 መውደቅ ይችላል፣ በ5 የ2። 4 ማሽን ግን ከ3 የተሻለ አይችልም፣ አብላጫው 3 ስለሚሆን።

የሠራችሁትን ለመሞከር ሊዝ የያዘውን ፕሮሰስ ሊጽፍ ሲል አትግደሉት፣ ፕሮሰስን ለጊዜው በሚያስቆመው ምልክት በሲግስቶፕ አስቁሙት። ሊዙ አልፎ ሌላው እስኪጽፍ ጠብቁ። ከዚያ ካቆመበት በሚያስቀጥለው በሲግኮንት ቀስቅሱትና ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱን እዩ። ካገኘ፣ ተራ ቁጥሩን የሚያይ የለም ማለት ነው።