የባሕር ፍሰት ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል? ጎልደን ጌትን በካያክ ለሚሻገር

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ያለው ውሃ ቀልድ አያውቅም። ባሕሩ ሲጎድል ፍሰቱ ከ4 ኖት ሊያልፍ ይችላል። 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ይዞ ዘና ብሎ የሚቀዝፍ ሰው 3 ኖት ገደማ ነው የሚሄደው። ከውሃው ጋር ግብግብ ከመግጠም ሰዓቱን ማወቅ ይሻላል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ሰንጠረዥ ያዙ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ አለ፣ የፍሰቱን ፍጥነት የሚያሳይ ሌላ አለ። «ባሕሩ ሞልቶ ካበቃ ውሃው ቆሟል» ብላችሁ ከከፍታው አትነሱ። ከፍታው መውረድ ከጀመረ በኋላም ውሃው ከውቅያኖሱ ወደ ባሕረ ሰላጤው መግባቱን ሊቀጥል ይችላል።

የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኖአ (NOAA) የፍሰት ትንበያውን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያወጣል። ያገለገለ የታተመ ሰንጠረዥ በርካሽ ብታገኙ አትግዙ፤ የሚሠራው ለዚያ ዓመት ብቻ ነው።

ቅርብ ያለውን ጣቢያና ቀኑን ምረጡ። የበጋው የሰዓት ለውጥ (አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምትገፋበት) መካተቱን እዩ። ሰዓታችሁ በሀበሻ አቆጣጠር ከሆነ ቀድማችሁ ቀይሩት፤ ውሃ ላይ ሆኖ 6 መደመርና መቀነስ ጣጣ ነው።

ሰንጠረዡ ላይ «ስላክ» ውሃው ቀጥ የሚልበት ሰዓት ነው። «ፍለድ» የሚገባው፣ «ኤብ» የሚወጣው ነው። የኤብ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይመጣል።

ችግሩ በመሃል ያለው ሰዓት አለመጻፉ ነው። እንበል ስላክ 6:20፣ ትልቁ ኤብ ደግሞ 9:08 ላይ 4 ኖት ነው። በመሃል 168 ደቂቃ አለ። ለ3 ክፈሉት፣ 56 ይሆናል። የመጀመሪያው ሲሶ ሲያልቅ ፍሰቱ የትልቁን 50 በመቶ ይደርሳል፤ ማለትም 7:16 ላይ 2 ኖት። ሁለተኛው ሲያልቅ 90 በመቶ፤ 8:12 ላይ 3.6 ኖት። ልብ በሉ፣ ፍሰቱ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲሶዎች ነው። «ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል» የሚባልበት ጊዜ ከትልቁ ብዙም አይተናነስም። መተግበሪያዎች ኩርባውን ይስሉላችኋል፣ ግን ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። እኔ ሰዓቶቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባለሁ።

በመጨረሻ ነፋሱን እዩ። በአሜሪካ በጋ (የእኛ ክረምት ማለት ነው) ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ይነፍሳል፤ ኤቡ ደግሞ ወደ ምዕራብ ይወጣል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ይነሣል። ይህን ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ጠዋት ውጡ።