የቆየ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የኋላ አሞርዛተር ሲሻሻል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ሞተሩ ገና ብዙ ሊሄድ ይችላል፤ ቀድሞ የሚደክመው የኋላ አሞርዛተሩ ነው። ድካሙ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ግን ባለቤቱ አይታወቀውም። ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ይቀጥናል፤ ጋዙ በጎሚኒው (ዘይትና ጋዝ በሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) በኩል ጥቂት በጥቂት ያመልጣል፤ አሽከርካሪውም ኩርባ ላይ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ጉድጓድ ሲያይ ከኮርቻው ብድግ እያለ ከጉድለቱ ጋር ይላመዳል። ከዚያ አንድ ቀን የጓደኛውን አዲስ ሞተር ሳይክል ይነዳና የራሱ ምን ያህል እንደተበላሸ ይገለጥለታል። ወደ ጋራዥ የሚመጣው በዚህ ስሜት ላይ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም አዲሱን አሞርዛተር አስቀድሞ ገዝቶ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሳይፈተሽ አሞርዛተር መግዛት። አንድ ደንበኛ በፍጥነት ሲነዳ የኋላው ክፍል ግራና ቀኝ ይዋልልብኛል ብሎ ውድ አሞርዛተር አስገጠመ፤ መዋለሉ ግን ባለበት ቀረ። ሞተር ሳይክሉን በመካከለኛው መቆሚያ አቁሜ፣ ጎማውን የሚሸከመውን የኋላ ክንድ ጫፉን ይዤ ወደ ጎን ስገፋው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የክንዱ ኩሽኔታዎች ግራሶ ካዩ ዘመን የላቸውም ነበር፤ ሲፈቱ በዘይት ፋንታ ቀይ የዝገት ዱቄት አራገፉ። ጎማውም ቢሆን መካከሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። እንዲህ ያለው ጎማ ሞተር ሳይክሉን ወደ ኩርባ ሲያዘነብሉት መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል፤ ይህን ጠባይ ደግሞ ማንኛውም አሞርዛተር አያርመውም። ስለዚህ ከግዢ በፊት የክንዱን፣ የሊንኬጁን (ክንዱንና አሞርዛተሩን የሚያገናኙት አጫጭር ዘንጎች)፣ የጎማዎቹንና የመሪውን አንገት ኩሽኔታዎች ይፈትሹ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው መሪውን በጣም ቀስ ብለው ሲያዞሩት መካከል ላይ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ጎማው ላይ ከተጻፈው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ እነሱንም ያንብቡ። የጎማ ነፋስ ልክ መጠበቅ እንዳለበት መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፕሪሎድን፣ ማለትም ሞላው ሲገጠም አስቀድሞ የሚታመቅበትን ልክ፣ ማጥበቅ ሞላ ማጠንከር አይደለም። ይህንን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁት አላስታውስም፤ አሁንም ግን ማስተካከያ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ «አጠንክሬዋለሁ፣ ግን ጉድጓድ ላይ አሁንም ጥግ ድረስ ይወርዳል» የሚል ሰው አላጣም። የሞላን ጥንካሬ የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የጥቅሎቹ ብዛት ናቸው፤ ቀለበቱ የፈለገውን ያህል ቢዞር ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። ጥቅሉ ወጥ የሆነና በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 9 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ እንውሰድ። 10 ሚሊሜትር ታምቆ ሲገጠም መንቀሳቀስ ለመጀመር 90 ኪሎ ይፈልጋል፤ 15 ሚሊሜትር ሲታመቅ 135 ኪሎ ይፈልጋል። አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን በሁለቱም ሁኔታ ለሚቀጥለው ሚሊሜትር የሚጠይቀው ያንኑ 9 ኪሎ ነው። የተለወጠው የሞተር ሳይክሉ የኋላ ከፍታ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ከልክ በላይ የታመቀ ሞላ ጎማውን ወደ ታች ጥግ ድረስ ገፍቶ ስለሚያስቀምጠው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ ያጣል፤ ጉብታ ከተሻገሩ በኋላም ከኋላ ጓ የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰውየው ይህን ድምፅ ሲሰማ «ገና አልጠነከረም» ብሎ እንደገና ያጠብቃል! በኤሌክትሪክ ቁልፍና በዘይት ግፊት ፕሪሎድ የሚያስተካክሉ ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው፤ በስርዓቱ ውስጥ ዘይት ከጎደለ በዳሽቦርዱ ማሳያ ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፣ ሞላው ግን አንዲት ሚሊሜትር አይታመቅም።

መድኃኒቱ መለካት ነው፤ ሥራው አንድ ሜትርና አንድ ረዳት ብቻ ይጠይቃል። ከኋላው ጎማ ዘንግ ቀጥታ ወደ ላይ፣ በአካሉ ላይ አንድ ምልክት ያድርጉ። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ርቀቱን ይለኩ፤ ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉ በራሱ ክብደት መሬት ላይ ቆሞ፤ በመጨረሻም እርስዎ የጉዞ ልብስዎን ለብሰው፣ ሁለቱንም እግር አንሥተው ተቀምጠውበት ረዳትዎ ቀጥ አድርጎ ይዞት። ጎሚኒዎች ስለሚይዙ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ለቀው፣ ሌላ ጊዜ ወደ ላይ አንሥተው ለቀው ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። አሽከርካሪው ሲቀመጥበት የሚወርደው ልክ ከጠቅላላው የጎማ እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ በ2001 የወጣው የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂኤል1800 የኋላ እንቅስቃሴው 105 ሚሊሜትር ስለሆነ ወደ 35 ሚሊሜትር ይሆናል። በራሱ ክብደት ብቻ የሚወርደው ደግሞ ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው። የሞላውን ነገር የሚነግሩን ሁለቱ ልኬቶች አብረው ሲነበቡ ነው። የአሽከርካሪው ልክ ተስተካክሎ ሳለ በራሱ ክብደት ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለሰውየው ለስልሷል፣ ያለ ልክ ታምቆ ነው የቆመው፤ በራሱ ክብደት ብዙ ከወረደ ደግሞ ሞላው ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው።

ሞላ ሲታዘዝ ክብደትን መደበቅ ሌላው ስህተት ነው። ሻጩ ክብደትዎን የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። የራስ ቁሩ፣ ጃኬቱ፣ ጫማው፣ አብሮ የሚጓዘው ሰውና በሣጥኖቹ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተመዝኖ ይነገር። በተቃራኒውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ሰው በታሰበ ሞላ መንገላታት የለብዎትም፤ ለዚያች አንድ ጉዞ ፕሪሎዱን ማስተካከል ይበቃል። ጠንካራ ሞላ መግጠም የሞተር ሳይክሉን የጭነት ገደብ ከፍ እንደማያደርገውም ይታወቅ፤ ገደቡ ጎማን፣ ቸርኬን፣ ፍሬንንና ፍሬሙን ሁሉ ያሰበ ነው።

ኩርባ ላይ መርገጫው መሬት እንዳይነካ ብለው ረዘም ያለ አሞርዛተር የሚመርጡ አሉ። ሊንኬጅ ባላቸው ሞተር ሳይክሎች አሞርዛተሩ በአንድ ሚሊሜትር ሲረዝም የኋላው ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ከፍ ሊል ስለሚችል፣ በእጅ ሲይዙት ኢምንት የሚመስለው ልዩነት መንገድ ላይ ትልቅ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1,600 ሚሊሜትር ባለው ሞተር ሳይክል ላይ የኋላውን 28 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ መላውን አካል 1 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብለዋል። የመሪው አንገት ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ የአንገቱ መስመር መሬት ከሚያርፍበት ነጥብ የፊቱ ጎማ መሬት እስከሚነካበት ያለው፣ ትሬይል የሚባለው ርቀትም 6 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል፤ መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ቀጥ ብሎ የመሄድ ጸባዩ ግን ይቀንሳል። ከኋላ ትልቅ ሣጥን የጫነ ከባድ ሞተር ሳይክል ከዚህ ጸባይ ላይ የሚቀነስ ትርፍ የለውም። ይህ ሁሉ ሳይታሰብ ይቀርና ጎማው በመካከለኛው መቆሚያ ላይ መሬት ሲነካ፣ በጎን መቆሚያው ላይ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ሊወድቅ እስኪመስል ሲጋደም ነው ስህተቱ የሚታየው።

የነፋስ አሞርዛተር ያላቸው ቆየት ያሉ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ በ1980 የወጣው ጎልድ ዊንግ ጂኤል1100፣ በእጅ ፓምፕ ብቻ ይሞሉ። በውስጡ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር በቅጽበት ከልክ አሳልፎ ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማገጃ ጎሚኒውን) ያፈርሰዋል።

አዲስ አሞርዛተር ብዙ ማስተካከያ ይዞ ሲመጣ ጀማሪው ደስ ይለውና ሁሉንም በአንድ ቀን ያዞራቸዋል፤ ጉጉቱን እወድለታለሁ፣ ውጤቱን ግን አልወድለትም። አንዱን ብቻ፣ በሁለት ቀጭታ (ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ በሚልበት ቁጥር) ይለውጡ፤ በአንድ በሚያውቁት መንገድ ይንዱ፤ ይጻፉ። ቀጭታ የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋበት ነው፤ ሲዘጉትም ጣት እስኪያቆመው እንጂ በካቻቢቴ ኃይል አይደለም፣ የውስጡ መርፌ ይጎዳልና። የሪባውንድ ማስተካከያ፣ ማለትም የታመቀው ሞላ ሲመለስ ፍጥነቱን የሚገታው፣ ከልክ በላይ ሲዘጋ ሞላው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ በተከታታይ ጉብታ ላይ የኋላው እየወረደ እየወረደ ሄዶ ድንጋይ ይሆናል። አሽከርካሪው ይህን «ሞላው ጠነከረ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ለስላሳ ሞላም ያዛል። ሲከፈት የሚድን በሽታ ነበር። በጣም ሲከፈት ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ከጉብታ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል።

የፊቱን ሹካ መርሳት። የኋላው ሲስተካከል የፊቱ ድካም ይጋለጣል፤ ቢያንስ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ሞላዎቹንም ይለኩ።

መሪው ሲንቀጠቀጥ የመሪ ማረጋጊያ ገጥሞ መገላገልም አለ። ማረጋጊያው ፈጣኑን የመሪ መንቀጥቀጥ ይገታል፤ መላው አካል ቀስ ብሎ የሚዋልለውን መዋለል ግን አያድንም፣ ሲጠብቅማ ሊያባብሰው ይችላል።

ሁለት አሞርዛተር ባለው ሞተር ሳይክል ላይ አንዱን ብቻ አይቀይሩ። ናይትሮጅን የታመቀበትን አሞርዛተር ቤት ውስጥ አይክፈቱ። አሞርዛተሩ በቱቦ የሚገናኝ የተለየ የዘይት ጣሳ ካለው ጣሳው ከሙቅ ጭስ ማውጫ አጠገብ አይታሰር፤ ቱቦውም ክንዱ እስከ ጥግ ሲወጣና ሲወርድ እንዳይቆነጠጥ ሞላው ወጥቶ ሳለ በእጅ እየተንቀሳቀሰ ይታይ። ቀለበቱን ከማዞርዎ በፊት ጥርሶቹን በብሩሽ ያጽዱ፤ አሸዋ የገባበት የአሉሚኒየም ጥርስ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ቡሎኖቹ በቶርክ ሬንች ይጥበቁ። አዲስ ሞላና ጎሚኒ ትንሽ ስለሚቀመጡ፣ ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱንም ልኬቶች እንደገና ይውሰዱ።