አዲስ ጥንዚዛ አገኘሁ ከማለት በፊት

እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ። ገና ስም ያልወጣላቸውም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ አዲስ ዝርያ ማግኘት ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ጭንቁ የሚጀምረው ሌላው ሰው ሊተማመንበት በሚችል መንገድ መግለጽ ላይ ነው። የተበላሸ ወጥ ይደፋል፤ የተበላሸ ገለጻ ግን አንዴ ከታተመ አይደፋም። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ሁሉ ስህተታችንን ሲፈታ ይኖራል።

"እኔ አላውቀውም"ን "አይታወቅም" ማድረግ

ሁለት መጻሕፍት አገላብጦ "የለም" ማለት አይበቃም። የእንስሳት ስም አወጣጥ ከ1758 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲህ በላቲን፣ በጀርመንኛም ሆነ በፈረንሳይኛ በዓለም አቀፉ የስም አወጣጥ ደንብ መሠረት የታተመ ስም ሁሉ ይቆጠራል፤ ቀድሞ የወጣው ይጸናል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ እንግሊዛዊው ሂው ስኮት በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ነፍሳት መቀመጫቸው የአውሮፓ ሙዚየም ነው። እነዚያን ናሙናዎች፣ ቢያንስ ጥራት ያለው ፎቶግራፋቸውን ሳያዩ ብዕር ማንሳት ድፍረት ነው።

በነገራችን ላይ ከአሮጌ ሣጥንም አዲስ ነገር ይወጣል። ዳርዊን በ1832 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲናዋ ባሂያ ብላንካ የያዘው ጥንዚዛ የተገለጸው በ2014 ነው። በአየር ንብረት ተሟጋቿ በግሬታ ቱንበርግ ስም የተጠራችው፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ የኬንያ ጥንዚዛም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሙዚየም ተቀምጣ ስም ያገኘችው በ2019 ነው።

ቀንድ አይቶ መፍረድ

ከአንድ የላም እበት ሥር ሁለት ጥንዚዛዎች ይወጣሉ እንበል። አንዱ እንደ በሬ የተቆለመመ ረጅም ቀንድ አለው፤ ሌላው ግንባሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ብቻ። ጀማሪው ሁለት ዝርያ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ኦንቶፋገስ ታውረስ የተባለውን የእበት ጥንዚዛ የሚያውቅ ግን አይቸኩልም። እናቲቱ እበት ድቡልቡል አድርጋ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብርና እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ እጩ የሚያድገው በዚያች ስንቅ ብቻ ነው። ስንቁ የሞላለት ወንድ ቀንድ ያበቅላል፤ ያነሰበት ሳያበቅል ይቀራል። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑም ይችላሉ። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የተገኙትን በርከት አድርጎ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተርታ መደርደር ይበጃል፤ መካከሉን የሚሞሉ ካሉ ተርታው ራሱ ይናገራል።

ሆዱን ሳይከፍቱ መጻፍ

በብዙ ጥንዚዛዎች ዘንድ እርግጠኛው መለያ ውስጥ የተደበቀው የወንዴው የመራቢያ አካል ነው። የደረቀውን ናሙና መገጣጠሚያው እስኪለሰልስ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ጫፏ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ከሆዱ ጫፍ በኩል አካሉን ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሥጋውን ብልቃጥ ውስጥ ሥጋ በሚያሟሟው ኬሚካል፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማጥራት። የሚቀረው የማር ቀለም ያላት ጠማማ ቱቦ ናት። ማይክሮስኮፕ ሥር ጫፏን ከጎንም ከላይም መሳል ነው። ሁለት ጥፋቶች እዚህ ይደጋገማሉ፦ ብልቃጡን ረስቶ ወደ ቤት መሄድና የሁለት ጥንዚዛ ቱቦዎችን በአንድ ሳህን ማደባለቅ። ቱቦዋ ባለቤቷ በተሰካበት መርፌ ላይ አብራ ካልዋለች ማን የማን እንደሆነ የሚነግር የለም።

ሰነፍ መለያ ወረቀት

እኔን እጅግ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በእጄ የገባ አንድ ናሙና ቀኑ "7/9/2012" ይላል። ሰብሳቢው ግንቦት 7 ቀን 2012 ማለቱ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ሜይ 15 ቀን 2020። ውጭ አገር ያለ ባለሙያ ግን ሴፕቴምበር ወይም ጁላይ፣ ያውም ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት አድርጎ ያነበዋል። የዘመን አቆጣጠሩ ይገለጽ፤ ወሩም እንዳይምታታ በሮማውያን ቁጥር ይጻፍ። ቦታውም "ባሌ" ተብሎ አይታለፍም። ትሬከስ በተባለው ወገን ውስጥ ያሉ የእኛ ደጋ ክንፍ አልባ ጥንዚዛዎች ከተራራ ወደ ተራራ መብረር አይችሉም፤ ብዙዎቹ ከአንድ ተራራ ውጭ አይገኙም። ከፍታና የካርታ መጋጠሚያ የሌለው መለያ ለእነሱ ከንቱ ነው።

ደንቡን በኋላ አነበዋለሁ ማለት

ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙን የሚሸከመውን ዋና ናሙና፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆሎታይፕ የሚባለውን፣ ለይቶ ያልጠቀሰና የት እንደሚቀመጥ ያልገለጸ አዲስ የዝርያ ስም ተቀባይነት የለውም። በኢንተርኔት ብቻ የሚታተም ሥራ ደግሞ ዙባንክ በተባለው መዝገብ መመዝገብ አለበት። ስሙን አስቀድሞ ለጋዜጠኛ መንገር ችኮላ ነው። ከኢትዮጵያ ናሙና የሚወስድም ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያንብብ፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ከጉዞ በፊት ነው።

ገለጻው ላይ ብዙ አልቆይም፦ "ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ መካከለኛ" ቢባል ሺህ ጥንዚዛ ይገባበታል። ከቅርብ ዘመዱ በምን እንደሚለይ በመጀመሪያው አንቀጽ ይነገር።

በስም መራቀቅ

ስም በወንድ ሲሰየም መጨረሻው "ኢ"፣ በሴት ሲሰየም "ኤ" የሚል የላቲን ቅጥያ ይጨመርበታል። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን እዚህ ላይ እንሰናከላለን፦ አበበ ቢቂላን ለማክበር "ቢቂላይ" ብንል ያከበርነው አባቱን ነው። በራስ ስም መሰየምን ደንቡ በቀጥታ አይከለክልም፤ ግን ያሳፍራል። ሐሳብ ላጠረው አሌክሳንደር ሪደልና ባልደረቦቻቸው መላ ነበራቸው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የኒው ጊኒን 101 የነቀዝ ዘመዶች በአንድ ጊዜ ሲገልጹ ለብዙዎቹ ስም የመረጡት ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የስልክ ማውጫ ነው።

ጥንዚዛ ሰብሳቢው ኦስካር ሻይበል ግን በ1937 እ.ኤ.አ. በስሎቬኒያ ዋሻ የሚኖር ዓይን የለሽ ጥንዚዛ በሂትለር ስም ሰየሙ። ደንቡ ስም አስጸያፊ በመሆኑ ብቻ ስለማይሽረው ጥንዚዛው ዛሬም በዚያው ይጠራል፤ የናዚ መታሰቢያ የሚያሳድዱ ሰብሳቢዎችም በየዋሻው ይፈልጉታል።